የገጽ አርባ ሰባት ጥይት

ኮልድ ፎርክ፣ አይዳሆ
ኖቬምበር 24 ቀን 1996

ለተከበርከውና ለተናፈቅከው ወንድሜ ለሃርላን ፕሩት፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ በአሪዞና በረሃ ሙቀት ተፍታታልህ? እኔ ደህና ነኝ። በረዶው የአጥሬን ግማሽ ውጧል፤ ሌላውን ግማሽ ለገና ያቆየው ይመስለኛል።

«ሁለት ዓመት ሙሉ በፖስት ካርድ ስትሸነግለኝ ኖረህ፣ በዚህ ወር አራት ደብዳቤ ምን ነካህ?» ብለሃል። እውነቱን ልንገርህ። ደብዳቤ ስጽፍ መልስ ይመጣል። መልሱን የምታመጣው ደግሞ ማቪስ ዳንክሊ ናት።

ማቪስ አንተ ከሄድክ በኋላ ለመንገዳችን የተመደበች ፖስተኛ ናት። ዕድሜዋ ስድሳ አንድ ነው፤ ባሏን ከቀበረች ሰባት ዓመት ሆኗታል። መንገዱ ከሚያልቅበት፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከአሥራ አንድ ፍየሎቿ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። በሴፕቴምበር የተራራ አንበሳ ውሻዋን ከደጇ ላይ ወሰደባት። ከዚያ ወዲህ ፍየሎቿን ልታበላ ስትወጣ የሟች ወንድሟን ሽጉጥ ወገቧ ላይ ትሻጣለች፤ አምስት ጎራሽ፣ አፈሙዟ ከአውራ ጣቴ እምብዛም የማይረዝም። ውስጧ ያለው ጥይት ግን፣ ሃርላን፣ ተቀምጠህ አንብብ፣ የሱቅ ጥይት ነው።

ሠላሳ ዓመት በእንጨት መሰንጠቂያው የመጋዝ ጥርስ የሳልኩ፣ ሃያ አምስት ዓመት ከአንተ ጋር በአንድ ጋራዥ ባሩድ የመዘንኩ ሰው ይህን አይቼ ዝም ልበል? በኛ ዘንድ ሰው ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት እንደማይተኩስ ታውቃለህ፤ የሌላ ሰው የጥርስ ብሩሽ ማለት ነው። አንዲት ሴት የአንተን ጥይት ሽጉጧ ውስጥ ከከተተች ግን ቄሱ የሚቀረው ለወጉ ያህል ነው።

ስለዚህ ቀለህ፣ ባሩድና አረር ገጣጥሜ በእጄ ሃምሳ ጥይት ልሞላላት ነው። ልደቷ ፌብሩዋሪ ስምንት ነው። ከተቀበለችኝ ለፋሲካ ዋናውን ጥያቄ እጠይቃታለሁ። እንግዲህ ምን ልሙላ? የየጥይቱን ልክ የመዘገብንበት ደብተራችን መቶ ሦስት ገጽ ሞልቶ ለአጭር አፈሙዝ አንድ ገጽ የለውም። ከሁለታችን አዋቂው አንተ ነህ። ይህን በጽሑፍ ስሰጥህ የመጀመሪያዬ ነውና መስታወት አስገብተህ ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅለው።

የአንተው ኦሪን ቲስዴል


ኮልድ ፎርክ
ዲሴምበር 15 ቀን 1996

ውድ ሃርላን፣

በመጀመሪያ ለጥያቄዎችህ። ሽጉጧ ከአፈሙዟና ጥይቱን ከሚጎርሰው መዞሪያ በቀር አሉሚኒየም ናት። ጓዳዬ ባለው ሚዛን ከባቄላ ቆርቆሮ ጋር አስተያየኋት፤ ባቄላው አሸነፈ። የማቪስ እጅ ትንሽ ነው፤ ቀኝ አውራ ጣቷ ሥር ሪህ ይነካካታል። ስትተኩስ ዐይኗን አትጨፍንም፤ የምጨፍነው እኔ ነኝ። «የዐይኗ ቀለምስ?» ላልከው፣ ከባሩድ ምርጫ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም። ለማንኛውም አረንጓዴ ነው።

ለስላሳውን ጥይት ብሞላላት ለእጇ ይመቻል፤ አንበሳው ግን በስድብ ብቻ አይሞትም። ኃይለኛውን ላድርግ ብል ደግሞ ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ከአጭር አፈሙዝ ነዶ ሳይጨርስ ይወጣል፤ ብርሃኑ ለአዲስ ዓመት ርችት፣ ጉልበቱ ለዝንብ። እንደ ምርጫ ዘመን ንግግር ነው። በዚህ ላይ ሽጉጧ ስለምትቀል ትራገጣለች። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ትናንት ማቪስ ደብዳቤህን ይዛ ከበሩ ቆመች።

«ኦሪን፣ ይሄ ፕሩት የሚባለው ሰውዬ ሥራ የለውም እንዴ? ድሮ በዓመት ሁለቴ ነበር፤ አሁን በሳምንት ሁለቴ ሆነ።»

«ከባድ ጉዳይ ይዘናል።»

«ምን ዓይነት ጉዳይ?»

«የጥይት።»

«አቤት! ሁለት ሽማግሌ አንድ ጥይት ለመምረጥ ክረምቱን ሊጨርስ ነው?»

«ሃርላንን አታውቂውም» አልኳት። «ሽጉጥሽን ሳያይ፣ ክብደቷን ብቻ ሰምቶ የምትበላውን ይነግርሻል። በዚህ አገር እንደሱ ባሩድ የመዘነ የለም።»

«ይሄን ያህል?»

«ይሄን ያህል።»

ፖስታውን ገልብጣ አድራሻህን አነበበች። አንተን ሳሞግስ እንዴት እንዳዳመጠችኝ ብታይ! ሰው ጓደኛውን ሲያመሰግን ራሱም ከፍ ይላል መሰለኝ።

መልስህን ቶሎ።

ኦሪን


የተጎታች ቤቶች መንደር፣ አሪዞና
ጃንዋሪ 20 ቀን 1997

ወንድሜ ኦሪን፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ጉልበቴ፣ ነፋሱ፣ አንዳንድ የግል ጉዳይ፤ ዝርዝሩ አያስፈልግህም።

በነገርህ ላይ ብዙ አሰብኩበት። ገጽ አርባ ሰባት ነው፣ ወንድሜ። ሌላ አትፈልግ። እርግጥ ያን ገጽ ያወጣነው ለኔ ለትልቁ ብረት ሽጉጥ ነው። ባሩዱ ግን ፈጣን ነው፤ በአጭር አፈሙዝም ውስጥ ነዶ ይጨርሳል። አረሩን ከጎማ ቤት ከምትለምነው የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ራስህ አፍስሰው። ስለ ንክሻው፣ የቀለሁ ከንፈር አረሩን ጥብቅ አድርጎ ይንከሰው ወይስ ላላ ላልከኝ፣ ላላ አድርገው። ጥብቅ ንክሻ ቀለህ ይሰነጥቃል፤ ጥሩ ቀለህ ደግሞ እንደ ጥሩ ጥርስ ነው፣ ሁለተኛ አይበቅልም።

«ሽጉጧ ቀላል ናት፣ በሷ ልፈትሽ ወይ?» ብለሃል። ምን ልትፈትሽ? ገጹን በ1981 ፈትሸን ጨርሰናል። ይልቅ ልደቷ እንዳያመልጥህ።

ሌላም ወሬ ነበረኝ፤ ለጊዜው ይቆየኝ። ማቪስን ሰላም በልልኝ። ፍየሎቹንም፤ በተለይ ያቺን አንድ ቀንዷን።

ሃርላን


ኮልድ ፎርክ
ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1997

ውድ ሃርላን፣

ተቀበለችኝ! ማለቴ፣ ጥይቱን።

ሃምሳውን በስድስት ቀን ሞላሁ። ባሩዱን አንድ በአንድ መዘንኩ፤ ንክሻውን እንዳልከው ላላ አደረግኩ። እንደ ወጋችን ሳጥኑ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ መታወቂያውን ጻፍኩ፤ ቀን፣ ባሩድ፣ አረር፣ ንክሻ፣ ስም። ቀንና ስም የሌለበት ጥይት ወላጅ አልባ ልጅ ነው ትል የለ?

«ሌላው ሰው አበባ ያመጣል» አለችኝ፤ ግን ሳቀች። «ኦሪን፣ እጄ ላይ አይፈነዱም?»

«ከሃርላን ጋር መክሬባቸዋለሁ።»

«እሱ ካለበትማ» አለችና የሱቁን ጥይት ከሽጉጧ አራግፋ የኔን አምስት ከተተች። አምስቱም ቀጭ፣ ቀጭ እያሉ ሲገቡ እኔ የሰማሁት የሠርግ ደወል ነው።

«ተኩሳዋለች ወይ?» ብለሃል። ገና ነው። የምንለማመድበት የጠጠር ጉድጓድ በበረዶ ተዘግቷል። እስኪቀልጥ እንጠብቃለን።

አንድ ነገር ግን፤ አንድ ቀንዷን ፍየል ከየት አወቅካት? እኔው ጽፌልህ ይሆናል። ስለ ማቪስ ስጽፍ ምን እንደምጽፍ አላስታውስም።

ለፋሲካ ክራቫት ገዝቻለሁ። ሰማያዊ ነው፤ አትሳቅ።

ደስተኛው ኦሪን


ኮልድ ፎርክ
ማርች 3 ቀን 1997

ሃርላን፣

አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው፤ ከማን እንደሰማኸው ባላውቅም። አዎ፣ ደህና ናት። እጇም ደህና ነው።

ፌብሩዋሪ ሃያ፣ ሐሙስ ጠዋት አንበሳው የፍየሎቹ በረት ጣሪያ ላይ ወጣ። ማቪስ ሁለት ጊዜ ተኮሰች፤ ሳተችው። ሦስተኛውን ቃታ ስትስብ ሽጉጧ ቆመች። መዞሪያው አልዞር አለ። አንበሳው ጣሪያው ላይ፣ እሷ ሥሩ፣ መካከላቸው የኔ ሦስት ጥይቶች። ጮኸች፣ የእህሉን ባልዲ ወረወረች፤ ባልዲው አፍንጫውን መታውና ዘለለ፤ ወደሷ ሳይሆን ወደ ማዶ። ዕድል ነው እንጂ ሌላ አትበለው።

ሽጉጧን ፈትቼ አየሁ። በየተኩሱ ርግጫ ያልተተኮሱት አረሮች ከቀለሃቸው ወደ ፊት ሾልከዋል፤ አንዱ አፍንጫውን ከመዞሪያው አውጥቶ በር እንደያዘ እንግዳ ተገትሯል። ይህን ጀማሪ ያውቃል። አራት ተኩስ፣ አምስተኛውን አውጥተህ ለካ፤ የሸሸ እንደሆነ ንክሻውን አጥብቅ። እኔ አልለካሁም። ለልደት ቸኮልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንተ ራስህን አትውቀስ። ከሩቅ ሆነህ ያልነካኸውን ሽጉጥ እንዴት ታውቃለህ?

ማቪስ ያለችኝን ልንገርህና ልጨርስ። «ኦሪን፣ አንበሳውን ብታግዘው ኖሮ ከዚህ የበለጠ ምን ታደርግለት ነበር?»

መጥተህ አስታርቀኝ።

ኦሪን


አሪዞና
ማርች 14 ቀን 1997

ወንድሜ ኦሪን፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ያጋጥማል። አንተ መጋዝ የምትስል ሰው ነህ፤ በጥይቱ በኩል ትንሽ መቸኮል ድሮም አለብህ፤ ይህን የምልህ በፍቅር ነው። ለጊዜው ከሷ ሽጉጥ እጅህን አንሳ። ሴትዮዋ ትረፍ።

«መጥተህ አስታርቀኝ» ላልከው፣ ጉልበቴ ለመንገድ አይበቃም። ፋሲካውንም ባታጣድፈው ይሻላል። የምነግርህ ነገር ነበረኝ፤ ጊዜው አሁን አይመስለኝም።

ሃርላን


ኮልድ ፎርክ
ማርች 30 ቀን 1997፣ የፋሲካ ዕለት

ሃርላን፣

ሰላምታውን ዝለለው።

ዛሬ ክራቫቴን አስሬ ማቪስ ቤት ሄድኩ፤ መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ፣ ቀጥዬ ሌላውን። የጫካ እንጆሪ ኬክ ቆርሳ አቀረበችልኝ። ከኬኩ አጠገብ የጥይት ሣጥን ተቀምጧል። ነጭ ፕላስተር አለበት። በፕላስተሩ ላይ ያለው ጽሕፈት ሃያ አምስት ዓመት አብሬው የኖርኩት ነው፤ ሰባት ቁጥርን ወገቧ ላይ የሚቆርጣት ሰው አንድ ብቻ አውቃለሁ።

«ይሄ ከየት መጣ?» አልኳት።

«ከሃርላን። የእህቴ ልጅ ጭነት አድርሶ ከአሪዞና ሲመለስ ይዞልኝ መጣ። ጥይት በፖስታ አይሄድም ብለህ ለፖስተኛ ልታስተምር ነው?»

«ትጻጻፋላችሁ?»

«አዋቂ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ? ከገና በፊት ጻፍኩለት፤ 'ለመሆኑ ኦሪን የሚያደርገውን ያውቃል ወይ?' ብዬ። ሰው መጠየቅ ነውር ነው?»

«ምን አለሽ?»

«'ያውቃል፣ ትንሽ ይቸኩላል እንጂ' አለኝ። ከዚያ በኋላ እንዲሁ... ስለ ፍየሎቹም ጻፍኩለት፣ ስለ ባሌም። ምነው ፊትህ እንዲህ ሆነ?»

ፊቴ ምን እንደሆነ አላውቅም። የማውቀው ፕላስተሩ ላይ ያነበብኩትን ነው፤ እነሆ ቃል በቃል። «ጃንዋሪ 11፣ 1997። ለቀላል ሽጉጥ። ንክሻ፦ ጥብቅ። ላላ ከሆነ አረሩ በርግጫ ወደ ፊት ሾልኮ መዞሪያውን ይቆልፋል። ሃ. ፕ.»

ጃንዋሪ አሥራ አንድ፣ ሃርላን። የአንተ ደብዳቤ፣ «ላላ አድርገው፣ መፈተሽ አያስፈልግም» የሚለው፣ ጃንዋሪ ሃያ ነው። የነገር ሁሉ ቀን ይጻፍ ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ልብህ ሌላ ሲያስብ እጅህ በልማዱ ቀኑን ጻፈ።

ለማቪስ አልነገርኳትም። ጥይቱ የቆለፈበት ሰው «ሰው ነው ያሳሳተኝ» ሲል ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ኬኬን በላሁ፤ ጣዕሙን አትጠይቀኝ። ዋናውን ጥያቄም ይዤው ተመለስኩ።

አሁን አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ምናልባት «ጥብቅ» ልትል እጅህ ስቶ «ላላ» ጽፎ ይሆናል። ሽማግሌ ነን፣ ይደርሳል። ተሳሳትኩ በለኝ። አምንሃለሁ። ለማመን ተዘጋጅቼ፣ ከበሩ ቆሜ ነው የምጠብቅህ።

ኦሪን


አሪዞና
ኤፕሪል 12 ቀን 1997

ኦሪን፣

የምዋሽበትን በር ራስህ ከፍተህልኛል። ሦስት ደብዳቤ ጀምሬ ቀደድኩ፤ ሦስቱም «ተሳሳትኩ» ይላሉ።

እጄ አልተሳሳተም።

ቨርና ከሞተች አራት ዓመት ሆነ። ሚስቴ ከሄደች ወዲህ ከጉልበት ሐኪሙ በቀር አንድም ሰው አንድም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ማቪስ ጠየቀችኝ። ስለ አንተ ነበር የጠየቀችኝ፣ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ጥያቄውን እንደ ራሴ አድርጌ ወሰድኩት። የሷን ጥይት ጃንዋሪ ላይ ሞልቼ አስቀመጥኩ። ላንተ ያልኩህን አልኩህ። በጠጠሩ ጉድጓድ፣ በቆርቆሮ ጣሳ ፊት ሽጉጧ ትቆልፋለች፤ አንተ በኀፍረት ትቀላለህ፣ እሷ ትስቃለች፣ ከዚያ ለኔ ትጽፋለች። ይኸው ነበር ሐሳቤ። ሁሉን በሚዛን አስቀምጬ ነበር፤ አንበሳውን ግን አልመዘንኩትም። የሆነውን ስሰማ ሣጥኑን ቶሎ ላኩላት፤ እንድትተርፍ ብዬ ነው፣ እንድትወደኝም ብዬ ነው። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም።

ብትነግራት አልፈርድብህም። ባትነግራት ደግሞ እስክሞት ባለውለታህ ነኝ።

በፖስት ካርድ «ሌላስ ገጽ?» ብለህ ለጠየቅከው፦ የለም። መቶ ሦስቱን ገጾች አልነካሁም። የዋሸሁህ በአንዱ ብቻ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ሃርላን


ኮልድ ፎርክ
ሜይ 25 ቀን 1997

ሃርላን፣

ነገርኳት። የጃንዋሪውን ደብዳቤህንና የኤፕሪሉን አስከትዬ ሰጠኋት፤ የፖስታ መኪናዋን ሳታጠፋ፣ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ አነበበች። ኤፕሪሉን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከንግግሯ ቀንሼ ብነግርህ እወድ ነበር፤ ግን ከመካከላችን አንዱ በትክክል ቢጽፍ ይሻላል።

«አንተ ሳታይ፣ እሱ እያየ፤ የተጫወታችሁት ግን በኔ እጅ ነው» አለችኝ።

«ማቪስ፣ እኔ እኮ...»

«አንተ ምን? አንበሳ ሥር የምቆመው እኔ፣ ለማን እንደምሆን የምትመርጡት እናንተ። በሽጉጤ ሆድ ውስጥ ሠርግ ስትደግሱ አንዳችሁ ጠራችሁኝ?»

በማግስቱ ሁለቱን ሣጥኖች፣ የኔንና ያንተን፣ እንደ መንታ ደራርባ የደብዳቤ ሣጥኔ ውስጥ ትታቸው ሄደች። ፖስተኛዋ ራሷ የፖስታ ሕግ ጣሰች፤ ምን ያህል እንደተናደደች ከዚህ እወቅ። ከዚያ ከተማ ወርዳ ለሻጩ «ማንም ስሙን ያልጻፈበትን ጥይት ስጠኝ» አለችው አሉ። ሃምሳ የሱቅ ጥይት! ሁለት አዋቂ ክረምቱን ሙሉ መክሮ የደረሰበት ውጤት ይኸው ነው። እኔ በራሴ ጥይት ስለተሸነፍኩ ቢያንስ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። አሁን ደብዳቤ ስታመጣ ሞተሩን አታጠፋም፤ ቀና ብላ «ደህና ዋልክ» ትላለች። እሷን ለማስመጣት ብዬም ደብዳቤ አልጽፍም። ይህኛው የመጨረሻው ነው፤ ይህን የጻፍኩት ላንተ ነው።

«ምን እየሠራህ ነው?» ብለህ በእህቴ በኩል ስለጠየቅከው ልንገርህ።

ጋራዥ ውስጥ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ጥይት ነበረኝ፤ ሁሉም ከደብተራችን የተሞላ፣ ግማሹ ቁጥር በአንተ እጅ የተጻፈ። ያ ጥይት የሚያስተፋው መዶሻ ትዝ ይልሃል? ጥይቱን ጭንቅላቱ ውስጥ አስገብተህ ግንድ ላይ ስትመታው አረሩን፣ ባሩዱን፣ ሁሉን ይተፋልሃል። በዚያ አንድ በአንድ ፈታኋቸው። ጎረቤቴ ሉተር አጥር ላይ ተደግፎ «ኦሪን፣ ቤት እየሠራህ ነው እንዴ?» አለኝ። «እያፈረስኩ ነው» አልኩት። «ታዲያ ምነው እንጨት አይታየኝ?» አለ።

አንተ «አንዱ ብቻ ነው» ብለሃል። እውነተኛ ሰው የሚጽፈው እንደዚያ ነው። ውሸታምም የሚጽፈው እንደዚያው ነው። ስለዚህ እንደ ጀማሪ ከዝቅተኛው የባሩድ ልክ ጀምሬ፣ ከገጽ አንድ፣ እንደገና እየሞላሁ እየተኮስኩ ነው። አራት እተኩሳለሁ፤ አምስተኛውን አውጥቼ እለካለሁ።

እስከ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ደርሻለሁ። ያ በ1972 ፌብሩዋሪ ሁለታችንም ትኩሳት ይዞን የጻፍነው ገጽ እንኳ ልክ ነው። ገጽ አሥራ ሁለት፣ የአጋዘን ጥይት፣ ልክ። ያንተን ቁጥሮች በጥርጣሬ ዐይን፣ ስሕተት እየተመኘሁ አያቸዋለሁ፤ እያንዳንዱ ልክ ሆኖ ይወጣል። ሰማንያ አራት ገጽ ይቀረኛል፤ እስከ መኸር ያደርሰኛል።

አንዱን ገጽ ስሕተት ሆኖ ባገኘው ደስ ይለኛል፤ ድሮም እንዲህ ነበር ብዬ እተኛለሁ። ሁሉም ልክ ሆነው ከተገኙ ግን፣ ሃርላን፣ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ እውነተኛ ጓደኛ ነበረኝ ማለት ነው። ያኔ ነው ይቅር የማልልህ።

ኦሪን ቲስዴል